መሪው ሲከብድ
ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች የኤሌክትሪክ መሪ ድካምና ስለ ምርመራው
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን ስለ መኪና መሪ እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ በመጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው «እድርን ከመኪና መሪ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወዲያው ግን መልሱን ራሴው አገኘሁት። የእድራችን ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያመላልሰው፣ አዛውንቱንና አቅመ ደካማውን ለቀብር የሚያደርሰው፣ ሐዘንተኛውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው በየግቢያችን የቆመው አሮጌ አውቶሞቢል ነው። የምንኖረውም ሜዳ ላይ አይደለም፤ ጉለሌ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳም ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ በመካከላችን የለም። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ መሪ በድንገት ሲከብድ፣ ቀባሪ ሊያደርስ የወጣው ሰው ራሱ ቀባሪ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የእድር ጉዳይ ነው ብዬ ተነሥቻለሁ።

ለንግግሬ መነሻ የሆነኝን ታሪክ ላስቀድም። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጧል፣ ከፈለገ እጁን ያውጣ። መኪናው ቪትዝ ናት። በኅዳር ወር፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ከእንጦጦ ከቀብር ሲመለስ ሦስት እናቶችን አሳፍሮ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ መታጠፊያው ላይ፣ መሪው በእጁ ውስጥ እንደ ድንጋይ ደረቀበት። በሁለት እጁ ታግሎ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አላትሞ ቆመ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቶቹ ግን ወርደው የቀረውን በእግራቸው ሄዱ። አንደኛዋ እስከ ዛሬ ድረስ እሱ መኪና ውስጥ አይገቡም።

ሰውዬው በማግስቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ሳያንገራግር አስነሣ፤ መብራቱ በራ፤ ሬዲዮው ዘፈነ። «ባትሪህ ደህና ነው፤ የሞተው የመሪው ሞተር ነው፤ ዘንጉ ከነሞተሩ ይቀየር» ተባለ። ሰውዬው ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ የሁለት ወር ደመወዙን ከፍሎ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ የመሪ ዘንግ ገዝቶ አስገጠመ። ስምንት ቀን ደህና ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ያው መሪ፣ ያው ድንጋይ ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና፣ ይህ የኤሌክትሪክ መሪ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ፤ ያለዚያ የቀረው ታሪክ አይገባም።

ከኛ መካከል ዕድሜ የጠገብነው መኪና መንዳት የለመድነው በቮልስ፣ በሴይቼንቶ፣ ኋላም በላዳ ነው። በነዚያ መኪኖች መሪውን የሚያዞረው የነጂው ክንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘይት የሚያግዘው መሪ መጣ። ለገበያ በቀረበ የቤት አውቶሞቢል ላይ ይህን መጀመሪያ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካው ክራይስለር ነው። አሁንም ብዙዎቹ ሚኒባሶቻችን በዚሁ ዓይነት ይሠራሉ፤ በሞተሩ ቀበቶ የሚዞር ፓምፕ አለ፣ ዘይት አለ፣ ዘይቱም ሲያንጠባጥብ መሬት ላይ ይታያል። በሽታው የሚታይ በሽታ ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን ሱዙኪ ሴርቮ በምትባል ትንሽ መኪና ላይ ተጀመረ። ወደ ኛ ሰፈር በብዛት የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 መሠራት በጀመረችው ቪትዝ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ የምትባለው እሷው ናት። ዛሬ በከተማችን የሚታዩት ትንንሽ መኪኖች፣ ሱዙኪ ዲዛየርም ሆነ ሌላው፣ አብዛኞቹ ይህን ተከትለዋል።

መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኮፈኑን ክፈቱ። የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያ ካለ ባለዘይት ነው፤ ከሌለና መሪው ግን ቀላል ከሆነ ባለኤሌክትሪክ ነው። ቁልፉ ሲከፈትም ዳሽቦርዱ ላይ «ፒ ኤስ» ወይም «ኢ ፒ ኤስ» የሚሉ ፊደላት፣ ወይም የመሪ ሥዕል ያለበት መብራት ይበራና ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመሪው ዘንግ ውስጥ አንዲት ቀጭን ብረት አለች። እናንተ መሪውን ስታዞሩ ጎማው እምቢ ባለ መጠን ይህች ብረት በጥቂቱ ትጠመዘዛለች። አንድ ሴንሰር መጠምዘዟን ለክቶ ለትንሽ ኮምፒውተር ይነግራል። ኮምፒውተሩም የመኪናውን ፍጥነት ያያል፤ መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ብዙ፣ ሲፈጥን ጥቂት ኃይል ለሞተሩ ይልካል። ሞተሩ ዘንጉን በማርሽ ይገፋል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሠራው ከባትሪውና ከዲናሞው በሚመጣ ኃይል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፤ ታገሡኝ፣ የነገሩ ሥር እሱ ነው።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ይህች ሞተር 40 አምፔር ገደማ ልትወስድ ትችላለች፤ እንደ መኪናው ዓይነት ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም አለ። 40 በ12 ቮልት ሲባዛ 480 ዋት ነው፤ ይኸውም ባለ 60 ዋት አምፖል ስምንቱን በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ያህል ነው። ሬዲዮው ግን አንድ አምፔር ቢወስድ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች ባለ 55 ዋት ከሆኑ በአንድ ላይ 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። አሁን ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያው ዝጎ፣ አንድ አሥረኛ ኦም የሚያህል ተቃውሞ ፈጠረ እንበል። በሬዲዮው በኩል የሚባክነው 0.1 ቮልት ነው፤ ማንም አይሰማውም። በመብራቱ በኩል 0.9 ቮልት ይባክናል፤ መብራቱ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ያንንም ሰው ልብ አይለውም። በመሪው በኩል ግን አንድ አሥረኛ በ40 ሲባዛ 4 ቮልት ይባክናል። ኮምፒውተሩ የሚደርሰው ኃይል ሲያንስበት እርዳታውን ይቀንሳል፤ በጣም ሲወርድበትም ጨርሶ ያቋርጣል። ያችው የዛገች መጋጠሚያ ሬዲዮውን እያዘፈነች መሪውን ትገድላለች።

«ታዲያ ሞተሪኖው ከሁሉ የበለጠ ኃይል የሚበላ አይደለም ወይ? እሱ በደንብ ከሠራ ሽቦው ደህና መሆኑ አይደለም?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መካኒኩንም ያሳሳተው ይኸው ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ሁለት መንገድ ይነሣል፤ አንዱ ወፍራም ገመድ ወደ ሞተሩና ወደ ካምቢዮው ይሄዳል፣ ሌላው ቀጠን ያለው ወደ ቦዲው ይሄዳል። ሞተሪኖው በወፍራሙ ይጠቀማል። የመሪው ኮምፒውተር የታሰረው ግን ከቦዲው ጋር ነው። ስለዚህ የሞተሩ ገመድ ደህና ሆኖ የቦዲው ገመድ ከታመመ፣ መኪናይቱ በአንድ ንክኪ ትነሣለች፤ መሪዋ ግን ይከብዳል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሰውዬው ከሁለተኛው ብልሽት በኋላ ወደኔ መጣ። እኔ ዘንጉን አልነካሁም። ቴስተሬን ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.5 ቮልት አሳየ፤ ደህና ነው። ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው 14 አካባቢ ሰጠ፤ ይህም ደህና ነው። ከዚያ ልጁን መሪው ላይ አስቀመጥኩና «አዙር» አልኩት። እሱ እያዞረ ሳለ ባትሪው ላይ 13.8፣ የመሪው ኮምፒውተር መግቢያ ላይ ግን 9.4 ብቻ ነበር። 4.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ሳደርግ 3.9 አነበበ። ሌባው ተያዘ። የቦዲው ገመድ ብሎን ፈትተን ስናየው ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ሞልቶታል፤ ከገመዱ ክሮችም ግማሾቹ ተበልተው አልቀዋል። አዲስ ገመድ አሰርን፤ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳን፤ ግሪስ ቀባን። የወጣው ገንዘብ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አልበለጠም። ቆይቶም አሮጌው ዘንግ ሲመረመር ምንም ያልሆነ ደህና ዘንግ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቤቱ ውስጥ አልጋ ሥር ተኝቷል።

«አዲሱ ዘንግ ለምን ስምንት ቀን ሠራ?» ያልክ እንደሆነ፣ ዘንጉን ለመቀየር ባትሪው ተፈትቶ ስለ ነበር ነው። ገመዱ ሲነካካና መልሶ ሲጠብቅ ዝገቱ ትንሽ ተፋቀ። ከዚያ ተመልሶ ጠጣ። ብዙ ጊዜ የሰውን ገንዘብ የሚያስጨርሰው እንዲህ ያለው የሐሰት ፈውስ ነው።

እንግዲህ መሪ ሲከብድ ከየት ይጀመር? እኔ የማስቀድመው ምንም የማያስወጣውን ነው። መጀመሪያ ጎማ። የጎማ ነፋስ ሲያንስ መሪ ይከብዳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ማንም ቀድሞ አያየውም። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጎሚስታው በዓይኑ ገምቶ የሚሞላውን አትመኑ። ሰፊ ጎማ ለውበት ያስገጠመ ሰውም የመሪውን ሞተር ያለ ደመወዝ ትርፍ ሥራ እንደሚያሠራው ይወቅ።

ቀጥሎ የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አንሥታችሁ፣ ደህና ማስደገፊያም አድርጋችሁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን አዙሩ። (በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ለእድራችን ሥራ አያብዛ።) ጎማው አየር ላይ ሆኖም መሪው ከጠጠረ፣ ወይም አንድ ቦታ ቀለል ሌላ ቦታ ከበድ እያለ ከሄደ፣ በሽታው የኤሌክትሪክ አይደለም፤ ክሮቸራው ደርቋል፣ ወይም ቴስቲናው ታስሯል፣ ወይም ከላይ ያለው የሞላው ኩሽኔታ አልቋል። ሌላም ምልክት አለ። ከታጠፋችሁ በኋላ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታው የማይመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ብረት አለ ማለት ነው። አየር ላይ ለስልሶ እየዞረ መሬት ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ግን ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ።

በኤሌክትሪኩ በኩል የሚጠየቀው «መቼ ነው የሚከብደው?» ነው። ማለዳ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም መጋጠሚያው ታሟል፤ ባትሪ በብርድ እንደሚሰንፍ በጉለሌ ማለዳ ያልተማረ የለም። መብራት፣ ማራገቢያና ዝናብ መጥረጊያ ሲከፈት የሚከብድ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚቀል ከሆነ የዲናሞው ነገር ነው፤ ቀበቶው ላልቶ ይሆናል ወይም ካርቦኑ አልቋል። ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ የላላ መሰኪያ ይፈለግ። ሲዘገይም ሲፈጥንም ያው የሚከብድ፣ የፍጥነት ቆጣሪውም የማይሠራ ከሆነ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን አጥቶት ይሆናል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ለማቆም ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ አዙራችሁ ቀስ በቀስ የከበደ እንደሆነ ግን አትደንግጡ፤ ሞተሩ ሲግል እንዳይቃጠል ኮምፒውተሩ ራሱ እርዳታውን ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ብታሳርፉት ይመለሳል። ይህ በሽታ አይደለም።

ቴስተር የሌለው ሰው ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ማታ መኪናውን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ሞተሩ እየሠራ መሪውን ያዙር። መብራቱ በጥቂቱ ብልጭ ቢል ደንበኛ ነው፤ እንደ ሻማ ጭልም የሚል ከሆነ ግን ኃይሉ የሚጠፋበት ቦታ አለ። ሁለተኛው፣ ባትሪ ሲያልቅ ከሌላ መኪና ኃይል የምንበደርበትን ገመድ ውሰዱ። ጥቁሩን ብቻ፣ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለም በሌለው የቦዲ ብረት ላይ ያዙ። ቀዩን አትንኩ። መሪው ያን ጊዜ ከቀለለ የቦዲው ገመድ ወንጀለኛ ነው፤ ምርመራው አለቀ። ቴስተር ያለው ደግሞ እኔ ያደረግሁትን ያድርግ፤ መሪው እየዞረ ሳለ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ቦዲው ድረስ ከ0.3 ቮልት በላይ ሊጠፋ አይገባም። ከዚያ በፖዘቲቩ በኩል ወፍራሙን ፊውዝና መሰኪያውን ይለካል። ፊውዝ በዓይን ደህና መስሎ እግሩ የተቃጠለ ብዙ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ቪትዞች የሚመለከት አንድ ልዩ ነገር አለ። ቪትዝ የሚል ስም ይዘው ከጃፓን የወጡት ሲሠሩ መሪያቸው በቀኝ ነበር። ከነዚህ ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላቸው አሉ። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መሪው ሲዛወር ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጦ ይቀጠላል። ቅጥሉ በብየዳ ሳይሆን በመጠምዘዝና በፕላስተር ብቻ ከሆነ፣ ከሃያ ዓመት አቧራና እርጥበት በኋላ እንደዚያች እንደ ዛገችው መጋጠሚያ ይሆናል። መሪያችሁ የዞረ እንደሆነ ከዳሽቦርዱ በታች ያለውን ቅጥል ማየት ከሁሉ ነገር መቅደም አለበት። የዘንጉም ማዕዘን ስለሚለወጥ ክሮቸራው ቶሎ ያልቃል።

ሁልጊዜ ገመድ ነው እያልኩ እንዳላሳስታችሁ። ወደ ግራ የምትቀል፣ ወደ ቀኝ የምትከብድ ሌላ ቪትዝ መጥታልኝ ነበር፤ አንዳንዴም መሪው ሳይነካ በራሱ ሊዞር ይሞክር ነበር። ይህ የኃይል ማነስ አይደለም፤ ያ መጠምዘዝ የሚለካው ሴንሰር አብዷል። በኮምፒውተር ስትመረመር ሲ-1511 የሚል ቁጥር ሰጠች። በቶዮታ መኪኖች ከሲ-1511 እስከ ሲ-1514 ያለው የሴንሰሩ፣ ከሲ-1521 እስከ ሲ-1524 ያለው የሞተሩ፣ ሲ-1541 የፍጥነቱ፣ ሲ-1551ና ሲ-1552 የኃይል አቅርቦቱ ችግር ነው። እንዲህ መሪዋ በራሱ የሚሞክራት መኪና ለአንድ ቀን እንኳ አትነዳ፤ በዚህ ጊዜ ዘንጉን ከነሴንሰሩ መቀየር ግዴታ ነው። ሲቀየርም ሴንሰሩ በኮምፒውተር ዜሮው ላይ መያዝ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ደህናው ዕቃ እንደ ታመመ ይቆጠራል። ዘንጉ ላይ የሚሠራ ሰው የባትሪውን ገመድ ፈትቶ ቢያንስ 90 ሰኮንድ ይጠብቅ፤ መሪው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላልና። በጣም አሮጌ በሆኑት ደግሞ የሞተሩ ካርቦን ያልቃል፤ ዘንጉን በቡጢ ሲመቱት የሚሠራና ተመልሶ የሚሞት ከሆነ እሱን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ነጂው ልምጣ። ሰውዬው «መሪው ተቆለፈብኝ» ነበር ያለው። አልተቆለፈም። የኤሌክትሪክ እርዳታው ሲቋረጥ መሪው ከጎማው ጋር ያለው የብረት ግንኙነት አይቋረጥም፤ የሚሆነው የድሮ ላዳ መሆን ነው፣ እንዲያውም ከላዳ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሞተሩንም አብራችሁ ታዞራላችሁ። በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ዳር መያዝ ነው። ሰው የሚጎዳው ከመደንገጡ የተነሣ መሪውን ሲለቅ ነው። እርግጥ ይህን ስቀመጥ መናገር ቀላል ነው፤ እሱም ታግሎ ማቆሙ የሚያስመሰግነው ነው።

የባሰ ክፉ ልማድ ግን አለ፤ በኛ ሰፈር ስለሚበዛ ሳልናገረው አልቀመጥም። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ ሰዎች አሉ። በላዳ ጊዜም ይደረግ ነበር። በኤሌክትሪክ መሪ ግን ሞተሩ ሲጠፋ የመሪው እርዳታ አብሮ ይጠፋል። ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እርዳታውን ያጣና እንደ ግንድ ይደርቃል። ቁልፉን የነቀለ እንደሆነማ መሪው እውነትም ይቆለፋል። ጥቅሙስ? እንደ ቪትዝ ያሉት መኪኖች በማርሽ ታስረው፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጁን በራሳቸው ይዘጉታል። በባዶ ማርሽ ሞተሩ እየሠራ የሚወርድ ሰው በማርሽ ከሚወርደው የበለጠ ያቃጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ የወረደውም ቢሆን ከማርሽ ይልቅ የሚያተርፈው ነዳጅ የለም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ ከማየት መኪናውን መቀየር ነው» ትሉ ይሆናል። ወጪውን ግን አስቡት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርም በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ስለዚህ ያሉን ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ከኛ ጋር ናቸው። የኤሌክትሪኮቹም መሪ ቢሆን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ነው፤ ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ እሷም ገመድ አላት፣ ገመዱም ይዝጋል።

ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት የቦዲውን ገመድ ፈትታችሁ አጽዱት። ነጩንና አረንጓዴውን ዱቄት ቢካርቦኔት በተበጠበጠበት ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የኮሚቴው ዕቃ ማመላለሻ ለሚሆኑት መኪኖች እኔው በነጻ እሠራዋለሁ፤ ሊቀ መንበሩ ይመዝግቡልኝ።

ያቺ ከሱ መኪና አልገባም ያሉት እናታችንም እዚሁ አሉ። እትዬ፣ ገመዱ ተቀይሯል፤ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ፣ 0.1 ቮልት ብቻ ነው የሚጠፋው። ለአሁኑ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጥያቄ እቀበላለሁ። ቴስተሩንም ይዤዋለሁ፤ ከበሩ ውጭ ከቆሙት መኪኖች ሁለቱ ቪትዝ መሆናቸውን ስገባ አይቻለሁ።